በኤይናር ምድር ቤት የሚጣራው

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ኤይናር ሆልስታድ ይኖራል። ዕድሜውን የጨረሰው የብረት ማዕድን ከባቡር ወደ መርከብ በሚገለበጥበት ወደብ ላይ ነው። ከዚያ ወደብ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ይባላል በሐይቅ ዳሯ ከተማችን በዱሉዝ፤ ወይ እየጮኸ የሚያወራ፣ ወይ ጭራሹን የማያወራ። ኤይናር ከሁለተኞቹ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «አይከፋም» ይላል። ቤቱ ቢቃጠልም አመዱ ላይ ቆሞ «አይከፋም» የሚል ይመስለኛል።

የሁለቱን ድርሻ የምታወራው ሚስቱ ሎርና ነበረች። ጠዋት ከፖስተኛው ጋር፣ ቀን ከእኔ ጋር፣ ማታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ታወራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ከተማ፣ ሂቢንግ ከምትኖረው ጓደኛዋ ከዊኒ፣ ከዊኒፍሬድ ኮስኪ ጋር በስልክ ትገናኛለች። ይህኛው ወሬ ረጅም ነው። ኤይናር ደጁን ከበረዶ ጠርጎ፣ የጋራዡን ማጠፊያ ዘይት ቀብቶ፣ ሾርባ አሙቆ ሲመለስ ሴቶቹ ገና «እና ከዚያስ?» ላይ ናቸው። የሚያወሩት ስለ እንቁራሪት ነው።

እዚህ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ካላደረገ ያብዳል። አንዱ መጫወቻ ባቡር ይገጣጥማል፣ አንዱ ጠመንጃ ይወለውላል፣ አንዱ ቢራ ይጠምቃል። ሎርና ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ደን አበቀለች። ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ የመስታወት ሣጥን አቁማ፣ ጀርባውን በቡሽና በዛፍ ሽበት ሸፈነችው፤ ግንዱ ላይ በቅጠላቸው ብብት ውሃ የሚያቁሩ የአናናስ ዘመድ ተክሎችን አሰረችበት፤ ታቹን ደረቅ የወርካ ቅጠል በሚመስል የባህር ማዶ ቅጠል አለበሰችው። ውጭ ትንፋሽ ጢም ላይ በረዶ ሲሆን፣ እዚያ ታች ሁልጊዜ ዝናቡ አሁን ያባራ ይመስላል። በዚህ ደን ውስጥ የሚኖሩት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጡ፣ እንደ በሰለ ቃሪያ የቀሉ፣ እግራቸው ግን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ የተነከረ የሚመስል እንቁራሪቶች ናቸው። ዘራቸው ፓናማ ዳርቻ ካለች አንዲት ትንሽ ደሴት ነው።

በደሴታቸው መርዘኞች ናቸው፤ የቀሉትም ለማስጠንቀቅ ነው። መርዙን ግን ራሳቸው አይሠሩትም። ከሚለቅሟቸው ጉንዳኖችና ጥቃቅን ተባዮች ነው የሚያገኙት። ሎርና ብርጭቆ ውስጥ የምታረባቸውን መብረር የማይችሉ የፍራፍሬ ዝንቦች፣ ካልሲየም ዱቄት ነስንሳባቸው፣ እየበላ ያደገ እንቁራሪት ጠብታ መርዝ የለውም። ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። የሚያስፈራው ነገር ከውስጡ ካለቀ በኋላ የሚያስፈራውን ልብስ ለብሶ መኖር! በጎልማሳነቴ ብሰማው እስቅ ነበር። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ ክራቫቴን ሳስር ትዝ ይለኛል።

ስለ አረባባቸው አንድ ነገር ካልተናገርኩ ቀጥሎ የሆነው አይገባም። ወንዱ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ይጣራል። ጥሪው ዜማ አይደለም፤ በሩቅ መጋዝ የሚሳል ይመስላል። ሴቷ ድምፁን ተከትላ ትመጣለች፣ ቅጠል ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ እናቲቱ ጅራታሞቹን ልጆች አንድ በአንድ በጀርባዋ አዝላ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው አንዲት የቅጠል ብብት ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ እየተመላለሰች ያልዳበረ እንቁላል ትጥልለታለች፤ ምግቡ እሱ ብቻ ነው። ሰው በዚህ መግባት አይችልም። የጠባቂው ሥራ ዝናቡን ማዝነብ፣ ዝንቡን ማርባት፣ ከዚያ እጁን ሰብስቦ መቀመጥ ነው።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ ሁለት ሕግ አላቸው፤ የተጻፈ ባይሆንም ያፈረሰውን አብረውት አይቀመጡም። አንደኛው፣ ደሴት ከደሴት አይደባለቅም። የአንዲቱ ደሴት ዘር አልቆ አንድ ቢቀር እንኳ፣ ያ አንዱ ብቻውን ይሞታል እንጂ የሌላ ደሴት ሚስት አይመጣለትም። ሁለተኛው፣ ሴቷ ከቤቷ አትነሳም። የትኛው ቅጠል ውሃ እንደሚይዝ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሣጥን ብትቀይር ግራ ይገባትና ልጆቿ ይራባሉ። የሚሄደው ወንዱ ነው።

የሎርናን ደሴት ዘር የያዙት በዚህ አካባቢ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እሷና ዊኒ።

ሎርና ከሞተች አራተኛ ክረምቷ ነው። ስትሞት ሁለት እንቁራሪቶች ትታ ነበር የሄደችው። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ኤይናርን ወደ ምድር ቤት አውርዳ ስታስተዋውቀው እኔም ነበርኩ።

«ይኸውልህ፣ ያ ከላይ የሚለፈልፈው ወንዱ ነው። ያቺ ታች ቅጠል ሥር የተሸጎጠችው ሴቷ ናት። ከኛ ቤት የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ ለፍላፊው ባልየው ነው» አለችው።

«ይገባኛል» አለ ኤይናር።

«የሚገባህ አይመስለኝም፤ ግን ውሃ መርጨት አያቅትህም።»

አላቃተውም። ዝንቡን አረባ፣ ውሃውን ረጨ፣ ቅጠሉን ቀቅሎ አደረቀ። የሎርናን ጥቁር የካሜራ ፊልም ብልቃጦች፣ እሷ ስታደርግ እንዳየው፣ በየግንዱ አጋድሞ አሰረ፤ እንቁራሪቶቹ እነሱን እንደ ቅጠል ብብት ስለሚወዷቸው፣ የፊልም ካሜራ ከገበያ ከጠፋ በኋላም ጠባቂዎቹ ብልቃጡን እንደ ወርቅ ያስቀምጡታል። ሆኖም እንቁላል የለም። አንድ ዓመት አለፈ፣ የለም። ዝናቡን አበዛው፣ ቀነሰው፣ መብራቱን ለወጠው፣ የለም። ጥፋቱን ከራሱ ላይ አንስቶ ሌላ ላይ ለማስቀመጥ እንኳ አልሞከረም።

«ምናልባት አይዋደዱ ይሆናላ» አልኩት አንድ ቀን።

«ይዋደዳሉ።» አንገቱን ደፋ። «ባለፈው ሲተቃቀፉ አይቻለሁ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ኤይናር ስለ እንቁራሪትም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ፊቱ የሚቀላ ሰው ነው።

ዘንድሮ፣ ሐይቁ በረዶ ከሆነ በኋላ፣ ለፍላፊው ሞተ። አርጅቶ ነው። ኤይናር የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስተኝቶ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከዓሣው ጎን አስቀመጠው። አልገረመኝም፤ እዚህ በክረምት የሞተ ሁሉ መሬቱ እስኪላላ ይጠብቃል። ሎርናም በየካቲት ስለሞተች እስከ ሚያዝያ አፈር ጠብቃለች።

ያ ሰሞን ቤቱ የማይገባበት ሆነ። በሌላው ጊዜ ቢያንስ ከወደቡ በኩል ድምፅ ይመጣል፤ መርከቧ ስትገባ ትጮሃለች፣ ለመርከብ የሚነሳው ድልድይ በጥሩምባው ይመልስላታል፤ የዚህ ከተማ ሰው በእንቅልፉም ቢሆን መልሱ ሳይሰማ አይገላበጥም። በረዶው ሲመጣ ግን ጠሪም መላሽም የለም። ኤይናር ቡና ይቀዳልኛል፣ ይቀመጣል፣ ሁለታችንም ወደ ምድር ቤቱ በር ጆሯችንን አቁመን ምንም አንሰማም።

«ለዊኒ ደውልላትና ወንድ ካላት ትስጥህ እንጂ» አልኩት። «ዘሩ ሊጠፋ ነው'ኮ።»

«ምን ብዬ? የሎርናን ወንድ ገደልኩት ብዬ?»

«አልገደልከውም። አርጅቶ ነው የሞተው።»

«በስልክ ሲሉት አንድ ነው።»

ዊኒ ከቀብሩ በኋላ ጥቂት ቅዳሜዎች ደውላለት ነበር። «ደህና ነህ?» ትለዋለች። «አይከፋም።» «እንቁራሪቶቹስ?» «አይከፉም።» «እሺ እንግዲህ።» እንደዚያ እንደዚያ እያለ፣ ማንም ማንንም ሳይበድል፣ ስልኩ መጮህ አቆመ። ብዙ ወዳጅነት በጠብ ያለቀ ይመስለናል፤ እኔ ያየሁት አብዛኛው ያለቀው እንደዚህ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ኤይናር ነው፤ ኮት የለ፣ ቆብ የለ፣ በነጠላ ጫማ በረዶውን ተሻግሮ መጥቷል።

«ና» አለኝ።

«ምን ሆንክ? ኮትህስ?»

«ና አልኩህ እኮ! ሳያቆም ና።»

ተከትዬው ወረድኩ። ደረጃው መሃል ላይ ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። መጋዙ ይሳላል። ትንሽ የሻከረ ነው፣ መሃል ላይ ይቆራረጣል፣ ግን ያው ድምፅ ነው። ያቺ ታች ቅጠል ሥር ተሸጉጣ የኖረችው ከግንዱ ጫፍ፣ ለፍላፊው ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆማ፣ ጉሮሮዋን እንደ ፊኛ እየነፋች ትጣራለች።

ሴት እንቁራሪት አትጣራም።

«አንተ ኤይናር» አልኩት፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሚስት ብለህ ስትቀልባት የኖርከው ባል ሆና ቁጭ!»

አልሳቀም። «ጉልበተኛው ካለ ደካማው አይጣራም» አለ ቀስ ብሎ። «ሎርና ነግራኝ ነበር። ከሥሩ ይሸጎጣል፣ ድምፁን አያሰማም፣ ጉሮሮውም አይጠቁርም፤ ሴት ይመስላል። ነግራኝ ነበር እኮ።»

«ያ ያየኸው መተቃቀፍስ?»

«ሲደባደቡ ነበራ።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ማዳመጡን ቀጠለ። ሌላው ስለሚናገር ብቻ አንድ ፍጡር የወጣትነቱን ዘመን ዝም ብሎ ይጨርሰዋል፤ ዝምታው ተፈጥሮው ነው ብለን ስም እናወጣለታለን። ድምፁ ግን እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። ይጠብቃል ልበል እንጂ፣ የጠበቀ ሁሉ ጊዜ እንደማያገኝ አውቃለሁ።

ያን ቀን ኤይናር ስልኩን ያነሳው እኔ ስለመከርኩት አይደለም፤ ያ ድምፅ ከታች ስለሚሰማ ነው። ቁጥሩ ማቀዝቀዣው በር ላይ በሎርና እጅ ተጽፎ ተለጥፏል። ዊኒ እንደ ድሮ ሰው ጮክ ብላ ስለምታወራ ከጠረጴዛው ማዶ ሁሉም ይሰማኛል።

«ሃሎ?»

ኤይናር ስልኩን ከጆሮ ወደ ጆሮ ቀየረ።

«ሃሎ! የምትሸጡት ነገር ካለ አልገዛም።»

«ኤይናር ነኝ።»

«የቱ ኤይናር?»

«የሎርና።»

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «ማን ሞተ?» አለች።

«ወንዱ።»

«ውይ! እኔም ጋ ወንድ የለም'ኮ። የኔ ከሞተ ሁለተኛ ክረምቱ ነው።»

«ወንድ አልፈልግም። ሴት ነው የምፈልገው።»

«በዚህ ዕድሜህ!»

ፊቱ እንደ እንቁራሪቱ ቀላ። ከዚያ እየተንተባተበ ነገሩን አስረዳት። ዊኒ ስትሰማ ቆየችና እስክታስል ድረስ ሳቀች። «ሎርና እንኳ ተሸወደች ማለት ነው? እሰይ! እኔን ግን አንዴ ወንዱን ከሴቷ ለይቼ ባጣ ስንት ዓመት አላገጠችብኝ፣ ነፍሷን ይማርና!» ሳቋ አለቀ። ቀጥላ የተናገረችው በሌላ ድምፅ ነው። «እኔ ጋ ሁለት ሴቶች አሉ። ባዶ እንቁላል እየጣሉ ቅጠሉን ሁሉ ሻጋታ አድርገውብኛል። ሕጉን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ሴቷ አትነሳም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«እንዳትቆይ ታዲያ። ያ ሎርና ያየችው ከሆነ ሽማግሌ ነው። እንደኛ።»

ስልኩን ዘጋ። ሁለታችንም የገባን አንድ ነገር ነው፤ የቤቱን የመጨረሻ ድምፅ በእጁ ይዞ ሄዶ ሰጥቶ መመለስ አለበት። ካልሰጠ የሎርና ደሴት እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ያበቃል።

ቅዳሜ እንሄዳለን አለ። ቅዳሜ ሲመጣ መኪናዬ አልነሳም አለኝ አለ። በኔ እንሂድ ስለው፣ መንገዱ አልተጠረገም አለ። ተጠርጎ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሞኛል አለ፤ ስገባ ደረጃው ላይ የቡና ኩባያውን ታቅፎ ተቀምጦ አገኘሁት። አልገፋፋሁትም። ሰውን በብቸኝነቱ ካለችው አንዲት ነገር ለይተው «ትክክሉን አድርግ» ማለት ቀላል ነው፤ ትክክሉን አድርጎ ወደዚያ ቤት የሚገባው ግን ተናጋሪው አይደለም።

አንድ ጠዋት ሳልጠራ ሄድኩ። እሱ እንደ ልማዱ ደረጃው ላይ ነው። እንቁራሪቱ ሲጣራ ቆየና አቆመ። ከዚያ ከግንዱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ወንዱ ሴቷን እንቁላል ወደሚጣልበት ቅጠል ሲመራ እንደሚያደርገው፣ ጥቂት ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዘላል። ሰፊው ቅጠል ላይ ሲደርስ ዞሮ ቆመ።

«ተመልከት» አለ ኤይናር በሹክሹክታ።

ዞሮ ጠበቀ። ከኋላው ቅጠልና ጤዛ ብቻ ነው ያለው። ብዙ ከቆየ በኋላ ወደ ግንዱ ጫፍ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገናም ተጣራ።

ኤይናር ተነሳ፣ ኩባያውን ማጠቢያው ላይ አስቀመጠ። «መኪናህ ይነሳል?» አለኝ።

እንቁራሪቱን በፕላስቲክ ስኒ፣ እርጥብ የዛፍ ሽበት ጎዝጉዞ አስገባው። ስኒውን ዓሣ አጥማጆች በረዶ በሚይዙበት ሣጥን ውስጥ ከሞቀ ውሃ ጠርሙስ ጎን አኖረው፤ ሣጥኑን ጭኑ ላይ ታቅፎ እስከ ሂቢንግ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የተናገረው «ቀስ በል» ብቻ ነው፤ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።

ዊኒ በር ላይ በሁለት ከዘራ ቆማ ጠበቀችን። ያየችኝ በሎርና ቀብር ብቻ ስለሆነ «አንተ ደግሞ ሚዜው ነህ?» አለችኝ። ምድር ቤቷ እንደ ሎርና ምድር ቤት ነው፤ ልብስ ማጠቢያው፣ ደኑ፣ ብልቃጦቹ። ሁለቱ ሴት እንቁራሪቶች ክብ ክብ ብለው ከውሃ ቅጠሎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል። ኤይናር ስኒውን ከፍቶ ሣጥኑ ውስጥ አጋደመው። እንቁራሪቱ ወጣ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ታች ቅጠል ሥር ገብቶ ተሸጎጠ።

«ይለምደዋል» አለች ዊኒ።

«እዚያም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለ ኤይናር።

ድንች ከላይ የተደረደረበትን የስጋ ጋገራ ከምድጃ አውጥታ አበላችን። የሎርናን ስም አላነሱም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አራተኛ ሰሃን ተቀምጦ ነበር፤ ዊኒ አየችውና አንስታ መለሰችው። እስኪመሽ ቆየን፤ ከታች ድምፅ አልመጣም። በር ላይ ኤይናር ቆቡን አድርጎ «እንግዲህ» አለ፤ እሷም «እንግዲህ» አለችው፤ ሄድን። ባዶው ሣጥን አሁንም ጭኑ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ኤይናር እንዴት እንዳሳለፋቸው ያየሁት እኔ ነኝ። ባዶውን ደን ውሃ ይረጨዋል። «ተክሎቹስ ምን አደረጉ?» ይላል። ዝንቡንም ማርባቱን አላቆመም፤ የሚበላቸው ስለሌለ ክዳኑ ሥር ተከማችተው ያልቃሉ፣ አዲስ ይጀምራል። ቡና ይቀዳልኛል። ወደ ምድር ቤቱ በር ማየቱን ግን ተወ። አንዳንዴ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሳየው፣ ሎርና ስትሞት ያልሞተችው ሎርና አሁን ነው ከቤቱ የወጣችው እላለሁ በሆዴ። ደፍሬ የምናገረው አይደለም።

አንድ ቅዳሜ እዚያው ተቀምጠን፣ በመስኮት በረዶው ሲወርድ እያየን፣ ስልኩ ጮኸ። ኤይናር ስልኩን እንደማያውቀው እንግዳ ሲያየው ቆይቶ ተነስቶ አነሳው።

«ሃሎ።»

ወዲያ ማዶ የሚናገር የለም። የሚተነፍስም የለም። ከዚያ፣ ከጠረጴዛው ማዶ እንኳ ሰማሁት፤ በሩቅ መጋዝ ይሳላል። የሻከረ፣ መሃል ላይ የሚቆራረጥ።

ኤይናር ስልኩን ወደ ጆሮው አጥብቆ ያዘው፤ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። ድምፁ ቆየ። ሲቆም ዊኒ መጣች።

«ሰማኸው? ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን መስማት አልቻልኩም'ኮ፣ ይህን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?»

«ቀረቡት?» አለ።

«ገና አልቀረቡትም። አንደኛዋ ዘወር ብላ አየችው፤ ብቻ እሱም አንድ ነገር ነው።» ከዘራዋ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። «ይኸው ነው እንግዲህ። አንተስ ደህና ነህ?»

«አይ...» አለ ኤይናር፤ «ከፋም» የሚለው ሲወጣ አልሰማሁም። ዊኒም «እሺ እንግዲህ» አላለችም። ሁለቱም መስመሩ ላይ ናቸው።

ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚህ በረዶ እየጣለ ነው» አለ።

«እና?»

«እና... ደጁን ጠርጌ ሳልጨርስ እንደገና ሞላው። የሎርና አካፋ እጀታው ላልቷል። ትናንት ላጠብቀው ወደ ጋራዥ ገብቼ...»

«እና ከዚያስ?» አለች ዊኒ።

ኤይናር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ኮቴን ለብሼ፣ በሩ እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። መንገዱ ነጭ ነበር፤ የማንም እግር አልነካውም።